የአንድ ዓመት ብዙ ስሞች፦ የኒቅያ ጉባኤ ዓመት አሰያየምና አቈጣጠር

1. የችግሩ መነሻ

«የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ተደረገ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በትምህርት መጻሕፍት፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክና በትርጕም ሥራዎች ውስጥ ደጋግመን እናገኘዋለን። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሰዋስውም አይጐድለውም። ይሁን እንጂ እንደ ቃሉ ከተወሰደ ስሕተት ነው። 325 የሚለው ቍጥር የአንድ አቈጣጠር ሲሆን፣ ዓ.ም. የሚለው ምሕጻረ ቃል የሌላ አቈጣጠር ነው። ጉባኤው በተቀመጠበት ወቅት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 325 የተባለው ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር 317 ዓ.ም. ነው። «325 ዓ.ም.»ን አምኖ በደንቡ መሠረት ወደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የሚመልስ አንባቢ 332 ወይም 333 ላይ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ግን የኒቅያ አባቶች ከተበተኑ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ይህን ስሕተት የፈጠረው የሒሳብ ድክመት አይደለም። ተርጓሚው ቍጥሩን ከምንጩ እንዳለ ወስዶ፣ ከቍጥሩ ጋራ ተያይዞ የመጣውን የዘመን ስም ግን በለመደው የአማርኛ ስም ተክቶታል። ስለዚህ ጕዳዩ ከባሕረ ሐሳብ ይልቅ የቃላት ጕዳይ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁም ለተርጓሚውም የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን አንድ ዓመት ይዘን፣ ልዩ ልዩ አቈጣጠሮች ምን ብለው እንደሰየሙትና ስንተኛ ብለው እንደቈጠሩት እንመለከታለን። በመጨረሻም ስለ አማርኛ ስያሜዎቹ አጠቃቀም ሐሳባችንን እናቀርባለን።

ሁለት የወር ስሞችን አስቀድመን መለየት ያስፈልገናል። ከዚህ በታች «ጁን» የምንለው የሮማውያኑን ወር፣ «ሰኔ» የምንለው የእኛንና የግብጻውያኑን ወር ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ወደ ኋላ እናሳያለን።

2. በዘመኑ የነበሩት ስሞች

በጉባኤው ዘመን የኖረ ሰው ዓመቱን 325 ብሎም 317 ብሎም አልጠራውም። ሁለቱም ቍጥሮች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ታዲያ ምን ብሎ ይጠራው ነበር?

በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የኒቅያው የሃይማኖት ጸሎት ሲነበብ በራስጌው የተጻፈው ቀን ሦስት ነገር አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ጳውሊኖስና ዩልያኖስ ቆንስሎች የነበሩበት ዓመት መሆኑ፣ ሁለተኛው ከእስክንድር 636ኛው ዓመት መሆኑ፣ ሦስተኛው በመቄዶንያውያን ወር ዴስዮስ 19፣ በሮማውያን ደግሞ ከጁላይ መባቻ በፊት 13ኛው ቀን መሆኑ ነው። ይህም ጁን 19 ቀን ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ቀኑን ሜይ 20 ያደርገዋል፤ የቆንስሎቹ ስምና 636 ግን በእርሱም ዘንድ አንድ ናቸው።

በቆንስሎች መሰየም የሮም መንግሥት የቈየ ልማድ ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ሁለት ሹማምንት ይሾማሉ፤ ዓመቱም በስማቸው ይጠራል። ይህ ስያሜ ቍጥር የለውም። የትኛው ዓመት ከየትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ የቆንስሎቹን ዝርዝር በተራ ይዞ መገኘት ግድ ነው። ከዚህም በላይ ስሙ በዓመቱ መካከል ሊለወጥ ይችላል። ዓመቱ ሲገባ የተጠራው በፕሮክሎስና በጳውሊኖስ ነበር፤ ፕሮክሎስ ከሹመቱ ከወረደ በኋላ ግን ዩልያኖስ ተተክቶ ዓመቱ የጳውሊኖስና የዩልያኖስ ተባለ። ሁለት የተለያዩ ስሞች ስላየ ብቻ ሁለት የተለያዩ ዓመታት አድርጎ የሚተረጕም ሰው ይሳሳታል። እዚህ ላይ «ቆንስል» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ የዛሬ አንባቢ ቃሉን የሚያውቀው በውጭ አገር ተቀምጦ የዜጎቹን ጕዳይ ለሚፈጽም ሹም ነውና፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የሮም የዓመቱ ሹማምንት» የሚል ማብራሪያ ሊጨመርለት ይገባል።

«ከእስክንድር» የተባለው አቈጣጠር ደግሞ ከስሙ ጋራ የማይስማማ ነው። እስክንድር የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ሲሆን፣ አቈጣጠሩ የሚነሣው ከጦር አለቆቹ አንዱ የነበረው ሴሌውቆስ ባቢሎንን መልሶ ከያዘበት ከ312 ነው። ስለዚህ በእስክንድር ስም የተጠራው ዘመን የተወለደው እስክንድር ከሞተ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ይህንኑ ቍጥር ሶርያውያን «የግሪኮች ዓመት»፣ አይሁድ በውል ሰነዶቻቸው ስለሚጽፉት «የውሎች ቍጥር»፣ ዐረቦች «የባለ ሁለት ቀንዱ ዘመን» ብለውታል። አራት ስሞች ናቸው፤ ቍጥሩ ግን አንድ ነው። ከሶርያኛ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ የሚተረጕሙ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የተለያዩ ዘመኖች እንደ ተረጐሙ ሊመስላቸው ይችላል።

ይህም ሆኖ አንድ የሚያለያይ ነገር አለ። መቄዶንያውያኑ ዓመቱን በመጸው ሲጀምሩ፣ ባቢሎናውያን በጸደይ ይጀምሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ከመጸው እስከ ጸደይ ባለው ጊዜ የመቄዶንያው ቍጥር በአንድ ይበልጣል። በጁን ወር ግን ሁለቱም 636 ይላሉ።

ከእነዚህ ሌላ ዓመቱ በንጉሡ ዘመነ መንግሥት ሊጠራ ይችላል። ቈስጠንጢኖስ በሠራዊቱ የነገሠው ጁላይ 25 ቀን 306 ስለሆነ ጉባኤው የተቀመጠው በ19ኛው ዓመቱ ነው። የነገሠበት 20ኛ ዓመት በዓል ግን በዚያው በ325 በጁላይ ተከበረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሮም ተደገመ። የመጀመሪያው በዓል የተከበረው 20ኛው ዓመት ሲገባ ነው፤ የሁለተኛው 20 ዓመት ሲሞላ። በአማርኛ «20ኛ ዓመት በዓል» ስንል የምናስበው የሞላውን ነው። ተርጓሚው «የገባ» ወይም «የሞላ» የሚለውን ካልጨመረ አንድ ዓመት ይጠፋል። በግእዝ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ ፵፩ ተብሎ የተጻፈው «አርባ አንድ» ተብሎም «አርባ አንደኛ» ተብሎም ሊነበብ ይችላልና፣ መለየት ያለበት ከአገባቡ ነው።

ለግብር ሥራ ደግሞ «ኢንዲክቲዮን» የሚባል የ15 ዓመት ዑደት ነበር፤ መነሻውም 312 ነው። በዚህ ዑደት የጉባኤው ዓመት 13ኛው ነው። ይህ ስያሜ ዓመቱ በዑደቱ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ዑደቱ ራሱ ስንተኛ እንደሆነ አይነግረንም።

3. ስም የለወጡና ቍጥር የለወጡ

በግብጽ ሌላ ቍጥር ነበረ። ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠው በ284 ሲሆን፣ የእስክንድርያ የሥነ ፈለክና የፋሲካ ሒሳብ ዐዋቂዎች ንጉሡ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም በእርሱ ዓመታት መቍጠራቸውን አልተዉም። በዚህ አቈጣጠር የኒቅያ ዓመት 41ኛው ነው።

ዲዮቅልጥያኖስ ግን ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአሳዳጇ ስም ፋሲካዋን መቍጠሯ ያልተመቻቸው ሰዎች በሁለት መንገድ መፍትሔ ሰጡ። በሮም የነበረው መነኵሴ ትንሹ ዲዮናስዮስ በ525 አዲስ የፋሲካ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ የጨካኙን መታሰቢያ ላለመያዝ ሲል ከዲዮቅልጥያኖስ 247ኛ ዓመት ቀጥሎ ያለውን ዓመት 248 ሳይሆን «ከጌታችን ሥጋዌ 532» ብሎ ጻፈ። ዛሬ «እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር» የምንለው ከዚህ ይመነጫል። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቍጥሩን ሳትነካ ስሙን ብቻ ለወጠች፤ የዲዮቅልጥያኖስ ዓመት የተባለው በኋለኛው ዘመን «ዓመተ ሰማዕታት» ተባለ። የገዳዩ ስም ወርዶ የተገዳዮቹ ስም ወጣ።

ይህ ለቃላት ጥናት ትልቅ ትምህርት ነው። ዲዮናስዮስ ስሙን ስለጠላው ቍጥሩንም ለወጠ፤ ግብጻውያን ስሙን ጠልተው ቍጥሩን ጠበቁ። ስለዚህ «የዲዮቅልጥያኖስ 41» እና «41 ዓመተ ሰማዕታት» አንድ ዓመት ናቸው፤ ትርጕማቸው ግን አንድ አይደለም። የ4ኛውን መቶ ዓመት ግብጻዊ ጽሑፍ ሲተረጕሙ «ዓመተ ሰማዕታት» ብሎ መጻፍ ጸሐፊው ያላሰበውን ቃል በአፉ ማኖር ነው።

4. ከፍጥረተ ዓለም የሚነሡ ቍጥሮች

ዓመቱን ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ መቍጠር ሌላው መንገድ ነው። እዚህ ግን መነሻው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። በእስክንድርያ ሊቃውንት አቈጣጠር የኒቅያ ዓመት 5817 ነው። በኋላ በቍስጥንጥንያ በጸናው አቈጣጠር 5833 ነው። በአይሁድ አቈጣጠር 4085 ነው። ሦስቱም ያንኑ አንድ ዓመት ያመለክታሉ፤ ሦስቱም ከፍጥረት ቈጠርን ይላሉ፤ ሦስቱም በአማርኛ «ዓመተ ዓለም» ተብለው ሊተረጐሙ ይችላሉ። ልዩነቱ የመጣው የአበውን ዕድሜ ከተለያየ የመጽሐፍ ቅዱስ ዘርዕ ከመደመርና ድምሩን ከፋሲካ ዑደት ጋራ ለማስማማት ከተደረገው የተለያየ ሥራ ነው። የአይሁድ ቍጥር የዕብራይስጡን ሲከተል፣ ሁለቱ ክርስቲያናዊ ቍጥሮች ሰብዓ ሊቃናትን ይከተላሉ።

በዚህ ላይ «ዓ.ዓ.» የሚለው ምሕጻረ ቃል በአንዳንድ የአማርኛ መጻሕፍት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ኋላ ለሚቈጠረው ዘመን ያገለግላል። እንግዲህ አንድ ምሕጻረ ቃል ሦስት ወደ ፊት የሚሄዱና አንድ ወደ ኋላ የሚሄድ ቍጥር ተሸክሟል ማለት ነው። «323 ዓ.ዓ.» የሚል ያየ አንባቢ እስክንድር የሞተበትን ዓመት ይሁን ወይስ ዓለም በተፈጠረች በ323ኛው ዓመት የሆነውን ከቃሉ ብቻ ሊለይ አይችልም።

5. «ዓመተ ምሕረት» እና ሁለት ትርጕሙ

የእኛ አቈጣጠር የተመሠረተው በእስክንድርያው ዓመተ ዓለም ላይ ነው። ከ5817 ላይ ዓመተ ፍዳ የሚባለው 5500 ሲቀነስ 317 ይቀራል፤ ይህ ዓመተ ምሕረት ነው። 5817 ለአራት ሲካፈል አንድ ስለሚተርፍ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ይሆናል። ከ317 ላይ 276 ሲቀነስ ደግሞ 41 ዓመተ ሰማዕታት ይገኛል። ሦስቱ ቍጥሮች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ሊፈተን ይችላል። ከኤውሮፓው ጋራ ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣው የእስክንድርያ ሊቃውንትና ዲዮናስዮስ የሥጋዌን ዓመት በተለያየ ቦታ ስላስቀመጡት ነው እንጂ፣ አንዱ ወገን ዓመታት ሳይቈጥር ስለቀረ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ስም በግእዝ ጽሑፎች ውስጥ ሁልጊዜ ዛሬ የምናውቀውን ቍጥር አያመለክትም። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባል የ532 ዓመት ዑደት አለ፤ ይኸውም የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትና የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ሲባዙ የሚገኝ ነው። ከዲዮቅልጥያኖስ መነሻ፣ ማለትም ከ277 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዑደት 808 ላይ አለቀ፤ ሁለተኛው ከ809 እስከ 1340 ሄደ፤ ሦስተኛው በ1341 ጀመረ። በብራና መጻሕፍት መደምደሚያና በዜና መዋዕል በዚህ በሦስተኛው ዑደት የሚቈጠሩት ዓመታት «ዓመተ ምሕረት» ተብለው ይገኛሉ። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የባሕረ ሐሳብ ጽሑፎች በሚናገር ሥራው የዑደቱን አሠራር ከግእዝ ምንጮች አብራርቷል።

ምሳሌ እንስጥ። በአንድ የብራና መጽሐፍ «በ፪፻፹ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ» የሚል ብናገኝ፣ እንደ ዛሬው ልማድ 280 ዓ.ም. ብንለው መጽሐፉ ከኒቅያ ጉባኤ 37 ዓመት ቀደመ ማለት ይሆናል። በዑደቱ ከተወሰደ ግን 1340 ሲደመርበት 1620 ዓ.ም. ይሆናል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ርቀት ከ1300 ዓመት በላይ ነው፤ ቃሉም ቍጥሩም ግን አንድ ናቸው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ዓመተ ምሕረት» በሚለው መግቢያ ሥር አንድ ትርጕም ብቻ ሰጥቶ ካለፈ የብራና ጽሑፍ አንባቢውን ያለ መሪ ይተወዋል።

6. አንዱ ቍጥር ከሌላው ሲጋጭ

የተሳሳተ ስያሜ የሚያስከትለውን ጕዳት በአንድ ምሳሌ ማሳየት እንችላለን። አትናቴዎስ በኒቅያ የተገኘው ሊቀ ጳጳሱን እለ እስክንድሮስን ተከትሎ በዲቁና ነው። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ከዚያ በኋላ በጁን 328፣ ማለትም በ320 ዓ.ም. ነው። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመውም ሊቀ ጳጳስ ከሆነ ወዲህ ነው። አሁን አንድ ጸሐፊ የኒቅያን ዓመት ከኤውሮፓ መጽሐፍ ገልብጦ «325 ዓ.ም.» ቢል፣ የአትናቴዎስን ሹመት ደግሞ በትክክል መልሶ «320 ዓ.ም.» ቢል፣ በአንድ ገጽ ላይ አትናቴዎስ ከጉባኤው አምስት ዓመት አስቀድሞ ሊቀ ጳጳስ ሆነ ማለት ነው። ዲያቆኑ በወረቀት ላይ ጳጳስ ሆኖ ጉባኤ ገባ። አንባቢው ዓመቶቹን በተራቸው ቢያስቀምጥ የሚያገኘው ታሪክ ያልተደረገ ታሪክ ነው፤ ጥፋቱም ከሁለት ፊደላት የመጣ ነው።

በቀንም ላይ እንዲሁ ነው። ጁን 19ን በዛሬው የመመለሻ ሰንጠረዥ የሚመልስ ሰው ሰኔ 12 ያገኛል። ያ ሰንጠረዥ ግን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1582 ለተደነገገው ለጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ነው። በኒቅያ ዘመን የነበረው የዩልዮስ አቈጣጠር ነው፤ በእርሱም ሰኔ 1 ቀን የሚውለው ሜይ 26 ስለሆነ ጁን 19 ማለት ሰኔ 25 ነው። «በጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ325» የሚለው የተለመደ አነጋገርም በዚሁ ምክንያት ትክክል አይደለም። ጎርጎርዮስ የለወጠው የሠግር ዓመትን ደንብ ነው እንጂ የዘመኑን መነሻ አይደለም፤ መነሻው የዲዮናስዮስ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። «325 = 317» የሚለው እኩልነት የሚሠራው ለዓመቱ ክፍል ብቻ ነው። በ325 ከኦገስት 29 ጀምሮ የእኛ ዓመት 318፣ ዓመተ ሰማዕታት 42 ይሆናል። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የቍስጥንጥንያው 5834፣ ከመጸው ጀምሮም የመቄዶንያው ከእስክንድር 637 ይሆናል። ጃንዋሪ እስኪመጣ ግን የኤውሮፓው 325 እንዳለ ይቈያል። ስለዚህ ወሩ ያልታወቀ ድርጊት ሲያጋጥም «317/318 ዓ.ም.» ብሎ በእዝባር መጻፍ እንጂ አንዱን መርጦ ማስቀመጥ አይገባም።

7. የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ የተመለከትናቸውን ስያሜዎች በሦስት መደብ ልንከፍላቸው እንችላለን። አንደኛው በሰው ስም መሰየም ነው፤ የቆንስሎቹና የንጉሡ ዓመት እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ከአንድ መነሻ ሳያቋርጡ መቍጠር ነው፤ ከእስክንድር፣ ከዲዮቅልጥያኖስ፣ ከሥጋዌና ከፍጥረት የሚነሡት እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው በዑደት መቍጠር ነው፤ ኢንዲክቲዮን፣ ዘመነ ወንጌላውያንና የ532 ዓመቱ ዓመተ ምሕረት እዚህ ይገባሉ። ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ) «አቈጣጠር» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ነገር ስለተሸከመ ሦስት ቃላት ተለይተው ቢሠራባቸው ይሻላል፤ ቍጥሩ ለሚጀምርበት ዓመት «መነሻ»፣ ዓመቱ ለሚገባበት ቀን «ርእሰ ዓመት»፣ ለዘመኑ ስም «ስያሜ»። አንድ የዘመን ስም በመዝገበ ቃላት ሲገባ ሦስቱም ሊነገሩለት ይገባል።

ለ) «ዓመተ ምሕረት» በሚለው መግቢያ ሥር ሁለት ትርጕም ይሰጥ፦ 1ኛ፣ ከሥጋዌ የሚቈጠር፤ 2ኛ፣ በቀድሞ ጽሑፎች በ532 ዓመት ዑደት ውስጥ የሚቈጠር። ማምታታት በሚያሠጋበት ቦታ ለመጀመሪያው በግእዝ የታወቀው «ዓመተ ሥጋዌ» ቢመረጥ ይጠቅማል።

ሐ) «ዓመተ ዓለም» ያለ ቅጽል አይጻፍ፤ «የእስክንድርያ»፣ «የቍስጥንጥንያ» ወይም «የአይሁድ» ይባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ላለው ዘመን ዓ.ዓ. መጠቀም ቢቀር መልካም ነው።

መ) ተርጓሚው አስቀድሞ ምንጩ የተጠቀመበትን ስያሜ ይተርጕም፤ ተመጣጣኙን በቅንፍ ያክል። የኬልቄዶኑን ራስጌ ብንተረጕመው እንዲህ እንላለን፦ ጳውሊኖስና ዩልያኖስ የሮም የዓመቱ ሹማምንት በነበሩበት፣ ከእስክንድር በ636ኛው ዓመት (ሰኔ 25 ቀን 317 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 325)።

ቍጥር ያለ ስያሜው ዓመት አይሆንም። የግእዝ ሊቃውንት በኒቅያ የተሰበሰቡትን 318 አባቶች «ሠለስቱ ምእት» ብለው ሲጠሩ፣ አንባቢያቸው ዐሥራ ስምንቱን ከልማድ እንደሚያውቅ ተማምነው ነው። የዛሬው አንባቢ ግን 325 የማን ቍጥር እንደሆነ ከልማድ ሊያውቅ አይችልም። የመንገር ኀላፊነቱ የእኛ ነው።